ለጅላንፎ ማስረጃ አይጠየቅም

በባለ ላውንደሪዎቹ ቤት የታናሹ ልጅ ሚስት በዚያ ጠዋት የነቃችው በአንድ ቃል ነው። ገና ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ከስሱ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ወዲያ አማቷ "ያን ጅላንፎ ዛሬውኑ አሰናብተው" ሲሉ ሰማች። ኮምፔርሳቶው ግድግዳ ይባል እንጂ ሹክሹክታ እንኳ አያስቀርም። ላውንደሪው ከፊት፣ መኖሪያው ከኋላ ሆኖ አንዱ ቤት ሲከፋፈል በጥድፊያ ያቆሙት ነው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ምስጢር የሚባል ነገር የለም፤ ያለው የሰሙትን እንዳልሰሙ መሆን ብቻ ነው። እሷም ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ እንዳልሰማ ሆነች፣ ጆሮዋ ግን ግድግዳው ላይ ነበር። ባሏ ሲመልስ በተጨነቀ ድምፅ ነው። የደንበኛቸው ሆቴል ነጫጭ የጠረጴዛ ልብሶች፣ ለሠርግ ድግስ የተላኩት፣ ትናንት ከማጠቢያ ማሽኑ ሮዝ ሆነው ወጥተዋል። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ራሴ እመጣለሁ ብሏል። የሆቴሉ ሥራ ከተወሰደ ደግሞ ላውንደሪው በሰፈር ሰው ሸሚዝ ብቻ የትም አይደርስም። ያበላሸው ሰው ተባሯል ካልነው ይበርድለታል አለ ባሏ። ወደ አክስቱ ይሂድ፣ እዚያ ገጠር ማንም የሚተኮስ ልብስ አይሰጠውም አሉ እናቱ። ከዚያ አማቷ "ሚስትህ ትንገረው፤ እሷን ይሰማታል" አሉ።

ጅላንፎ የተባለው የባሏ ታላቅ ወንድም ነው። በላውንደሪው ካውያ የሚይዘው እሱ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ይጀምራል፣ ሱቁ ሲዘጋ ያቆማል። ሚስትየው "ጋሼ" ትለዋለች፤ በዚያ ቤት አንቱ የምትለው እሷ ብቻ ናት። አማቷ ለሞኝነት ደረጃ አውጥተውለታል። እሳቸው እንደሚሉት ሞኝ ማለት ያለውን ሰጥቶ ባዶ እጁን የሚቀር ነው፤ ይሄ ከማንም አይጠፋም፣ ስድብም አይባልም። ቂል ሲያታልሉት አብሮ የሚስቅ ነው። ጅል እንደተታለለ ዓመት ቆይቶም የማይገባው ነው። ጅላንፎ ግን የመጨረሻው ነው፤ ሊሰርቀው ለመጣ ሌባ "ጨለማ ነው፣ እንዳትደናቀፍ" ብሎ መብራት የሚያበራለት። ይህን ሲያስረዱ ጣታቸው ወደ መተኮሻው ጠረጴዛ ይቀሰራል፤ ሰውየውም ካውያውን ከፍ አድርጎ ፈገግ ይላል። ሚስትየው ከገባች ጀምሮ ስታስተውል ግን ቃሉ ዝም ብሎ አይወጣም፤ ሰዓት አለው። አንድም ዕቃ ሲበላሽ ነው፣ አንድም ሌላው የማይፈልገው ሥራ ሲመጣ ነው። ቃሉ ከወጣ በኋላ ማንም ሌላ ነገር አይጠይቅም፤ ሁሉም ወደየሥራው ይመለሳል።

እሷ ደግሞ የምታውቀው አንድ ነገር አለ። ባገባች በጥቂት ወሯ፣ ካውያ ልለማመድ ብላ የአንድ ጠበቃ ቡናማ ሱፍ ስትተኩስ እናቷ ደወለችላት። ወሬው ጣፈጣትና ካውያው ኮሌታው ላይ ተቀምጦ ቀረ። የተቃጠለው ሲሸታት ዘወር ብትል፣ ጋሼ ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ካውያውን አንስቶታል። አማቷ እየተጣደፉ ሲገቡ ካውያው በእሱ እጅ ነበር። "እኔ ነኝ" አላቸው። "ድሮስ ማን ሊሆን ኖሯል" አሉ፤ በዚሁ አለቀ። እሷ አፏን ከፈተች፣ እሱ በዓይኑ ተይ አላት፣ ዘጋችው። ሆድ ይፍጀው ብላ እስከ ዛሬ ይዛዋለች። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ሁለት ጥፋት አጥፍቷል፤ የጥርስ ሐኪሙ ካፖርት ለማይታወቅ ሰው ተሰጥቶ ቀረ፣ አሁን ደግሞ የጠረጴዛ ልብሶቹ። ያጠፋ ሰው ነው፤ ከራሱ ጥፋት ላይ የእኔን አንዷን ቢደርብ ያን ያህል አይከብደውም፣ እያለች ራሷን ስታጽናና ኖራለች። ያን ጠዋት ግን፣ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ሆና፣ ማጽናኛው አልሠራላትም።

ወደ ሱቁ ስትወጣ ባሏ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። እኔ ብነግረው ያለቅሳል፣ አንቺ ቀስ አድርገሽ ንገሪው አላትና የሚመለሱ ልብሶችን ጭኖ ሄደ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አለች በሆዷ። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ባንኮኒው በሩን ተጠግቶ፣ በላስቲክ የተሸፈኑት ልብሶች ከጣሪያ ተንጠልጥለው፣ የመስኮቱ መስታወት በእንፋሎት ደብዝዞ፣ ከጎን ካለችው ክፍል የማጠቢያ ማሽኑ ድምፅ እየተሰማ። ጋሼ ከጥግ ቆሞ ይተኩሳል። እጅጌው የተጨማደደ፣ ኮሌታው የተጣመመ ሸሚዝ ነው የለበሰው፤ የሰውን ሁሉ ልብስ እያቃና የራሱን አንድ ቀን እንኳ ተኩሶ አያውቅም። "እንዴት አደርሽ ሙሽሪት?" አላት። ይህን ያህል ጊዜ ቆይታም ለእሱ ሙሽሪት ናት።

"ጋሼ፣ የምነግርዎት ነገር ነበረኝ" አለችው። ይሄን ሱሪ ልጨርስና አላት። ሱሪውን ጨርሶ ሸሚዝ አነሳ፤ ሸሚዙን ጨርሶ ቀሚስ አነሳ። እሷም አልገፋችም፤ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ታየው ጀመር፣ እንዲህ ተረጋግታ አይታው አታውቅም። ኮሌታውን ከውስጥ በኩል ይጀምራል፣ ወደ እጅጌው ይሄዳል፣ ደረቱን ለመጨረሻ ያቆየዋል፣ ሰው የሚያየው ደረቱን ስለሆነ። የላላ ቁልፍ ካገኘ ካውያውን ያስቀምጥና ከራሱ ኮሌታ ላይ የሰካውን መርፌ ነቅሎ ያጠብቀዋል፤ ለባለቤቱ አይነግርም፣ ባለቤቱም አያውቅም። የሕፃን ልብስ ሲሆን አጥፎ ከመስጠቱ በፊት በጉንጩ ይነካዋል፣ ትኩስ እንዳይሆን። ጠዋት ጠዋት የምትመጣው ነርስ ነጭ ጋዋኗን ልትወስድ ገባችና፣ አንተ የተኮስከውን ስለብስ በሽተኞቼ እንኳ ያምኑኛል አለችው። "ጋዋኑ ነው እንጂ እኔ ምን አደረግሁ" አላት፤ ደስታው ግን እስከ ጆሮው አቀላው። የአውቶቡስ ሹፌሩ ልጁ ዛሬ ትመረቃለች፤ ደርሶልኝ እንደሆነ ብሎ ሲንጠራራ ሱፉ ቀድሞ ተሰቅሎ አገኘው፣ የውስጥ ኪሱ ቀዳዳ ተሰፍቶለት። ሹፌሩ ኪሱን አላየውም። ሚስትየው ግን አየች፤ አንጀቷን በላት። ይህን ሰው ነው ዛሬ ሂድ የምትለው።

እኩለ ቀን ላይ ከአማቷ ጋር ፎጣ ለማጣጠፍ ተቀመጡ። እያንዳንዱ ልብስ ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያዘች ቁራጭ ጨርቅ አለች፣ ቁጥር ተጽፎባት። አማቷ አንዷን ከዓይናቸው አራቁ፣ አቀረቡ፣ ወደ መስኮቱ አዞሩ፣ ከዚያ እንደ ቀልድ አድርገው ወደ እሷ ዘረጉና ይሄ ስድስት ነው ዘጠኝ ብለው ጠየቋት። ዘጠኝ ነው አለቻቸው። ስድስት ብዬ ነበር አሉ። ሚስትየው ፎጣውን እያጠፈች፣ ሳታስበው፣ የጥርስ ሐኪሙ ካፖርት ቁጥሩ ስንት ነበር አለች። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። የአማቷ እጅ ባለበት ቆመ።

"ቁጥሩን አሳስቼ የለጠፍኩት እኔ ነኝ ብሏል እኮ ራሱ" አሉ አማቷ። "ካልተሳሳተ ለምን ይላል?"

አማቷ ያጠፉትን ፎጣ ፈትተው እንደገና አጠፉት። ያ ቢሆን እንኳ አሉ ቀስ ብለው፣ የጠረጴዛ ልብሶቹ ጥፋት ግን የራሱ ነው። ሚስትየው ደነገጠች። እሷ ራሷን ስታጽናናበት የኖረችው ማጽናኛ ነው፤ ያው፣ በሌላ ቃል፣ ከአማቷ አፍ ወጣ።

ተነስታ ወደ ማሽኑ ክፍል ሄደች። ምን እንደምትፈልግ አታውቅም ነበር። በሩን ከኋላዋ ስትዘጋው ከምስማሩ ላይ የባሏን የኳስ ማልያ አየችው፣ ቡድኑ ሲጫወት የሚለብሰውን ቀይ ማልያ። ከትናንት በስቲያ ጨዋታውን አይቶ ሲመጣ ቀይ ወጥ ደፍተውበት ሲሳደብ እንደነበር አስታወሰች። አሁን ታጥቦ ተሰቅሏል። እጅጌው ላይ የነበሩት ነጫጭ መስመሮች ሮዝ ሆነዋል፤ ሮዙም የጠረጴዛ ልብሶቹ ሮዝ ነው። ቆማ አየችው። ጋሼ ይህን ማሽን ይፈራዋል። ሲነሳና ሲንቀጠቀጥ ይደነግጣል፤ ቁልፉን ነክቶት አያውቅም፤ ይህን ከቤቱ ሰው የማያውቅ የለም፣ እንግዳ ሲመጣም የሚሳቅበት ነው። ትናንት ግን የጠረጴዛ ልብሶቹ ሲወጡ "እኔ ነኝ" አለ፣ አራት ሰው ባለበት ቤት አንድም ሰው እንዴት ብሎ አልጠየቀውም። እሷም አልጠየቀችም። ለጅላንፎ ማስረጃ አይጠየቅም። ፊቷ በእፍረት ጋለ፤ ለባሏ ብቻ ሳይሆን ለራሷም ጭምር ነው ያፈረችው።

ስትመለስ ጋሼ ሰማያዊ ሸሚዝ እየተኮሰ ነበር። የማን እንደሆነ ለመለየት ጊዜ ወሰደባት፤ የራሱ ነው። ከጠረጴዛው ሥር ትንሽ ሻንጣ ተቀምጣለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ በኮምፔርሳቶ ቤት ግን ጆሮ ከባለቤቱ ጋር ነው የሚያድረው።

"ሰምተዋል" አለችው።

"አክስቴ ንጹሕ ሰው ትወዳለች" አላት፣ ዓይኑን ከሸሚዙ ሳያነሳ።

ተቀመጠችና የያዘችውን ሁሉ አወጣችው፤ ማልያውን፣ ስድስቱንና ዘጠኙን፣ ቡናማውን ሱፍ። ማሽኑን ነክተው አያውቁ፣ ካፖርቱን የሰጡት እርስዎ አይደሉ፣ ለምንድን ነው እኔ ነኝ የሚሉት አለችው። ጋሼ ካውያውን እስከ እጅጌው ጫፍ ወስዶ መለሰው።

"ያን ጊዜ አንቺ ሙሽራ ነበርሽ" አላት። "በመጣሽ በጥቂት ወርሽ ስም ቢወጣልሽ እስክታረጂ አይለቅሽም። እማዬ ዓይኗ እንደደከመ ከታወቀ ከባንኮኒው ያስነሷታል፤ ከባንኮኒው ሌላ ምን አላት? ወንድሜ ደግሞ ሰው ፊት ካፈረ ቀና ብሎ መሥራት አይችልም፣ ከልጅነቱ እንዲያ ነው። እኔን ግን ምን ይሉኛል? ያው የሚሉኝን ነው። ስሙ እኔ ላይ አርጅቷል፣ አይቆረቁረኝም። እናንተ ላይ ግን አዲስ ነው፤ አዲስ ጫማ ይልጣል።"

ሚስትየው በዕድሜዋ የተማረ አይታለች፣ ቸር አይታለች፣ አዋቂ የተባለም አይታለች። እንዲህ ያለ ሰው ግን አላየችም፤ አጠገቡ መቀመጧ ራሱ ክብር ሆኖ ተሰማት፣ እንባዋም መጣ። አማቷ የደረደሩት የሞኝነት ደረጃ ሁልጊዜ ወደ ታች የሚወርድ ይመስላት ነበር። የመጨረሻው ላይ የቆመውን ሰው ለማየት ቀና ማለት እንደሚያስፈልግ ማን ነገራት?

"ይሄኛው ግን ስም ብቻ አይደለም ጋሼ" አለችው። "ይሄኛው ሥራዎን ነው የሚወስደው።"

ካውያው ቆመ። ጋሼ ጠረጴዛውን አየው፣ ዳር ዳሩ ከሙቀት የጠቆረውን ጨርቅ፣ መርፌዎቹ የተሰኩባትን ትንሽ ትራስ፣ ከላይ በተራ የተሰቀሉትን የሰፈር ሰው ልብሶች። "እሱስ አዎ" አለ ቆይቶ። "እሱን አላሰብኩትም ነበር።" ከዚያ ሸሚዙን ገና ሳይበርድ ለበሰው።

ሥራ አስኪያጁ በተባለው ሰዓት መጣ፤ ረጅም፣ ፀጉሩ ገብስማ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ሮዞቹ የጠረጴዛ ልብሶች ባንኮኒው ላይ ተከምረዋል። ባሏ ገና ደህና ዋሉ ከማለቱ ወደ ነገሩ ገባ። ይቅርታ ጠየቀ፣ ስንት ዓመት አብረው እንደሠሩ አነሳ፣ ከዚያ ያበላሸው ሰው ከዛሬ ጀምሮ እዚህ እንደማይሠራ ተናገረ። የቱ ነው አለ ሥራ አስኪያጁ። ባሏ መልስ ከመስጠት ይልቅ ዓይኑን ወደ ጥጉ ላከ። ጋሼ በተተኮሰ ሸሚዙ፣ ሻንጣውን ከእግሩ ሥር አድርጎ ቆሟል። አፉን ሲከፍት ሚስትየው የሚወጡትን ሁለት ቃላት አወቀቻቸው፤ ቀደመችው።

"እኔ ነኝ" አለች።

ባሏ ክው አለ። ማን እንዳጠበው ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ከድንጋጤው ብዛት ያፈተለከው ግን አፉ የለመደው ነው። "ምን ማለትሽ ነው? አንቺም ደግሞ ጅላንፎ ሆንሽ እንዴ?" አላት። ቃሉ በእሷ ላይ ሲያርፍ የመጀመሪያው ነው። ጋሼ እውነቱን ነበር፣ አዲሱ ጫማ ላጣት።

"እሷን እንዲህ አትበላት" የሚል ድምፅ ከጥግ መጣ።

ጮክ ያለ አልነበረም። ጋሼ እምቢ ሲል በዚያ ቤት ተሰምቶ ስለማያውቅ ሁሉም ማን እንደተናገረ ለማወቅ ዞሩ።

"እኔን በለኝ፣ ግድ የለኝም" አለ ለወንድሙ። "እስከ ዛሬ ስትሉኝ ዝም ያልኩት ትርጉሙ ጠፍቶኝ አይደለም። ስለማውቀው ነው ሌላ ሰው ላይ እንዲወድቅ የማልፈልገው።"

አማቷ ከወንበራቸው ላይ ሆነው፣ ወደ ማንም ሳያዩ፣ የሐኪሙን ካፖርት ለሌላ ሰው የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ዘጠኙን ስድስት ብዬ አሉ። የምን ሐኪም አለ ሥራ አስኪያጁ ግራ ገብቶት። ባሏ ከሱቁ ወጣ። ሚስትየው ሸሸ ብላ አንገቷን ደፋች። ሲመለስ ግን ማልያው በእጁ ነበር። ሮዞቹ ጨርቆች ላይ አስቀመጠው። "የኔ ነው" አለ። "ከትናንት በስቲያ ማታ ቸኩዬ አብሬ ከተትኩት። ወንድሜ ማሽን አይነካም።" ይህን ሲል ቀና ማለት አቃተው፣ ልክ ጋሼ እንዳለው።

ሥራ አስኪያጁ ተራ በተራ አያቸው። እኔ ጋ አንድ ብርጭቆ ሲሰበር ሳጣራ እውላለሁ አለ፣ ሁሉም ጣቱን ወደ ጎረቤቱ ይቀስራል፤ እዚህ ቤት ጥፋት ይሻሙበታል እንዴ? ማንም አልሳቀም፣ እሱም አልሳቀም። የጠረጴዛ ልብሱን ሥራ ሌላ ቦታ እንደሚወስድ ነገራቸው፤ ባለሠርጉን በወሬ ማብረድ አይችልም። ሮዞቹን ግን ለራሳችሁ አድርጓቸው አለ። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመና የአስተናጋጆቼን ሸሚዝ የሚተኩሰው የትኛው ነው ብሎ ጠየቀ። ባሏ በጣቱ ሳይሆን በእጁ አሳየው። እሱ እስካለ ሸሚዞቹ እዚሁ ይመጣሉ አለና ሄደ።

ግማሹ ሥራ ሄዷል፤ ነገ ብዙ ማሰብ አለ። በዚያ ምሽት ግን ማንም አላነሳውም። ጋሼ ከሮዞቹ አንዱን መርጦ ተኮሰውና አማቷ በቤቱ ጠረጴዛ ላይ አነጠፉት። ባሏ ሻንጣውን አንስቶ ወደ ቦታው መለሰ፣ ሲመለስ ለወንድሙ ወንበር ሳበለት። ጋሼ ሰማያዊውን ሸሚዝ እየዳበሰ በከንቱ ተኮስኩት አለ፤ ሚስትየው ነገም ይለብሱታል አለችው። አማቷ ሻይ ሲቀዱ ብርጭቆው የት ጋ እንደሚያልቅ አልታያቸውም፣ ሻዩ ሞልቶ ፈሰሰና በአዲሱ ጨርቅ ላይ ወንዝ ሠራ። ከዚያ ባሏ እጁን ቶሎ ብሎ ሻዩ ውስጥ አስቀመጠ።

"እኔ ነኝ" አለ።

አማቷ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ ልጃቸውን አዩት፣ ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ዓይናቸው ሞላ። "አንተ ጅላንፎ" አሉት፣ ፊቱንም በእጃቸው ዳበሱት። ይህን ጊዜ ጋሼ አልከለከለም።